የመጋቢት አምስት ዜሮዎች

ውድ ሳሙኤል፣

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ሁለቴ ደውዬልህ ነበር፤ ሁለቴም ስለ ጤናህና ስለ አርባ ምንጭ ሙቀት ጠይቄህ ዘጋሁት። አንደበቴ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፈው። ይህን ወረቀት የዝናቡን ልክ በእጄ ከምጽፍበት ደብተር ጋር ወደ አንተ ለሚመጣው ሾፌር ለፈትሁዲን ሰጥቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና የምትሠራ ርብቃ የምትባል የእርሻ ተመራማሪ ደወለችልኝ። ኢንተርኔት ላይ የለቀቅከውን የአንጋጫ የዝናብ መዝገብ አውርዳ እየሠራችበት ነው። ስሜንም ያገኘችው እዚያው ነው፤ «ለካሚ፦ መምህርት ካሳነሽ» ብለህ ጽፈሃል። «ማንም በነጻ ይጠቀምበት» ብለህ መልቀቅህን ለመምህራኑ ሁሉ እያወራሁ ስኮራብህ ከርሜ ነበር። «የሁለት ዓመት መዝገብ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልጎደለም። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» አለችኝ።

ለአንጋጫ ገበሬዎች መቼ መትከል እንዳለባቸው የሚነግር ጽሑፍ እያዘጋጀች ነው። «መጋቢት አጋማሽ ላይ አምስት ቀን ዝናቡ ቀጥ ብሏል፤ ስለዚህ ድንች የሚተክል ሰው እስከ ሚያዝያ ቢቆይ ይሻላል» አለች። የፊታችን ሰኞ ሰብስባ ልትነግራቸው ነው። እኔም «በርቺ» ብያት ስልኩን ዘጋሁ። በርቺ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እንግዲህ ልንገርህ። ዝናቡ አልቀረም፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

አባትህ አቶ ወልደሰንበት ያረፉ ጊዜ ሺንሺቾ መጥቼ አምስት ቀን እናንተ ጋ ተቀመጥኩ። የወጣሁት ለአንድ ቀን ብዬ ነበር። እናትህ እጄን ይዘው «ካሳነሽ፣ ዛሬስ እደሪልኝ» ሲሉኝ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ልጅዎ ያቆመው የዝናብ መለኪያ አለብኝ እንዴት ልበላቸው? ታስታውስ እንደሆነ ውሃው ድንኳኑ ላይ እየተጠራቀመ አንተው በእንጨት እየገፋህ ታፈስ ነበር። እኔ ከእናትህ ጎን ቁጭ ብዬ የአንጋጫውን መለኪያ አስብ ነበር። ማሰቤም ያሳፍረኝ ነበር።

ስመለስ መለኪያው ሞልቶ ፈሷል። ምን ያህል እንደፈሰሰ ማንም አያውቅም። «አልተለካም» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ግን ለትምህርት ስትሄድ ያልከኝ ጆሮዬ ላይ ነበር፦ «እትዬ ካሳነሽ፣ አደራ፣ ቀን ከጎደለ አንጋጫን ከጥናቱ ያወጡብኛል»። በሐዘንህ ላይ ሌላ ልጨምርብህ አልፈለግኩም። ውሃውን ደፋሁትና አምስት ዜሮ ጻፍኩ። ለመዋሸት ከቁጥር ሁሉ ዜሮ ይቀላል፤ መጥቶ የሚከራከር የለም። አንተም ስታየው ምንም አላልክም። ልብህ እዚያ ስላልነበረ ነው እላለሁ፤ ሌላውን ማሰብ አልፈልግም።

ከርብቃ ስልክ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተናዘዝኩ። የንስሐ አባቴም «ይቅር ይበልሽ። መዝገቡን ግን እኔ አላስተካክለውም፤ ለሳሙኤል ንገሪው» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ለርብቃ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «የሰኞውን ስብሰባ አዘገየዋለሁ» አለች። «ግን እትዬ፣ እኔ ብተወው ነገ ሌላ ሰው ያወርደዋል። ፋይሉን ማረም የሚችለው ሳሙኤል ብቻ ነው።» ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ እነዚያን ዜሮዎች ሲደምር ይታየኛል።

መመረቂያ ጽሑፍህን እንደሚነካብህ አውቃለሁ። ምናልባትም አንጋጫን ያወጡብህ ይሆናል። ቢሆንም አርመው። ጥፋቱ የካሳነሽ ነው በል፤ ደብተሩንም አሳያቸው። ልትወቅሰኝ ከፈለግህ ጻፍልኝ፤ ስልክ ግን አላነሳም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ዜሮዎቹን ስታጠፋ «ምክንያት» የሚለውን ቦታ ባዶ አትተወው። «ለካሚዋ ለቅሶ ላይ ነበረች» ብለህ ሙላበት። የማን ለቅሶ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ የአባትህን ስም ጻፍለት።

ካሳነሽ
አንጋጫ