አርባ አንድ ጊዜ ደወልኩልህ

አይቮሪ ፓርክ፣ ጆሃንስበርግ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018

ይድረስ ለወንድሜ ለሲሞን፣ ቻይና አገር፣ ጓንጁ

ሲሞኔ የናቴ ልጅ፣ እንዴት ነህ የሚለውን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ፣ አሁን ከጻፍኩት ንዴቴ ይበርዳል፣ እኔ ደግሞ እንዲበርድ አልፈልግም። ይሄን ደብዳቤ ከተማ ጀፒ መንገድ ላይ የሚነግደው ፈሪድ ብርድ ልብስ ሊገዛ ወደናንተ ሲመጣ ይሰጥሃል። በስልክ እንዳልነግርህ አንተ ትስቃለህ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። ፊደሌን አይተህ ደግሞ እንዳትስቅ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ያስቆሙኝ አንተ እንድትማር ነው።

ቅዳሜ ምን እንዳደረግከኝ ታውቃለህ? አታውቅም። ልንገርህ።

ወንድማችን ዘነበ እዚህ ሱቅ ውስጥ በጥይት ተመቶ ከሞተ ወዲህ እኔና አንተ ተስማምተናል አይደል? እኔ ጠዋት ሱቁን ስከፍት፣ ባንተ ቀትር ሲሆን፣ እደውላለሁ፣ አንተ «አለሁ» ትላለህ፣ እኔም «አለሁ» እላለሁ፣ እንዘጋለን። ወሬ ባይኖርም። ሁለት አመት ከአራት ወር አንድ ቀን አልቀረም። ፈተና ላይ ሆነህ እንኳ ሽንት ቤት ገብተህ «አለሁ» ብለኸኛል። ቅዳሜ ደወልኩ። ይጠራል አይነሳም። ደገምኩ። ይጠራል አይነሳም። ተዘግቶ ቢሆን እኮ ባትሪ ነው እል ነበር! የዘነበ ስልክ ያን ቀን እንደዚሁ ነው፣ ሲጠራ ሲጠራ ነው የዋለው፣ እሱ መሬት ወድቆ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጠራል።

አቢሶ ጋ ደወልኩ፣ ያጎታችን ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምታውቀው በባኪው፣ በዚያች ፒክአፕ መኪናው፣ ጀፒ ዕቃ ሊጭን ይሄዳል። «ባክሽ ተኝቶ ይሆናል፣ ተማሪ አይደል፣ እኔ ስኳሬን ላስጭንበት» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ተኝቶ! በቀትር!

ሱቁን ዘጋሁት። ሰው ለዳቦ ተሰልፎ «ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ!» እያለኝ ዘጋሁት። እኔ ሲሞን፣ ዘነበ ከሞተ ጀምሮ ለብቻዬ ከምሸጥባት ከዚች የብረት ፍርግርግ ወጥቼ የማላውቀው፣ ቸርች እንኳ አቢሶ ካልወሰደኝ የማልሄደው፣ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ሰው ሲያደርግ እንዳየሁት ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩ፣ ወደ ከተማ ማለት ነው፣ ታክሲው ቆመ፣ ገባሁ። አጠገቤ አንዲት ጎጎ ተቀምጣለች፣ አሮጊት ናት፣ እምባዬን አይታ «ኡንጋካሊ ሲሲ» አለችኝ፣ አታልቅሺ እህቴ ማለቷ ነው፣ መሀረብም ሰጠችኝ፣ እሷንም ፈራኋት፣ አስበው፣ መሀረብ የሰጠችኝን ሴትዮ!

ፈሪድ ጓንጁ ሰው ስላለው ጀፒ ፎቅ ላይ ያለው ሱቁ ሄድኩ፣ «ሲሞን ስልክ አያነሳም» አልኩና መሬት ቁጭ አልኩ። ይሄንን ብቻ ነው ያልኩት። የኛ አገር ሴቶች ከየሱቃቸው ብቅ ሲሉ እኔን አዩ፣ ለብቻዬ፣ ሱቅ ዘግቼ፣ መሬት ላይ፣ ከዚያ ማን ይጠይቃል? «ወይኔ ሲሞን! ወይኔ ለጋው!» ኡኡታው ፎቁን ሞላው። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ሀቢሶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወንበር አዘዙ። አስራ ሁለተኛ የጨረስክ ቀን የተነሳኸውን ፎቶ ሻማ ጨምረውበት ቴሌግራም ላይ ለቀቁት። አንዱ ደግሞ ተነስቶ «ጨዋ ልጅ ነበር፣ ቀና ብሎ ሰው አያይም ነበር» ይላል። ነበር! ሲሞን፣ ነበር አሉህ! አቢሶ ፎቶውን አይቶ ስኳሩን መንገድ ላይ ጥሎ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ሲሮጥ መጣ፣ ያ «ተኝቶ ይሆናል» ያለው።

ፈሪድ ሱቅ የምትሸጠው ማራኪ፣ እዚሁ ያደገችው፣ እሷ ብቻ ሳታለቅስ ስልኳን ትነካካለች። «ጋይስ፣ ዌይት! የፈሪድ ሰው ከጓንጁ ላከልኝ፣ ሲሞን ዛሬ ፖስት አድርጓል፣ ልጃችሁ ቢች ላይ ነው!» አለች። ባየው ባህር ነው፣ ውሃ ውስጥ የቆሙ ሁለት እግሮች። ፊት የለው። ሁሉም እልል ሲሉ እኔ አላመንኩም። እንዴት ልመን? በዘነበ ጊዜ «እግሩን ነው፣ ሆስፒታል ነው፣ ደህና ነው» እያሉ ሁለት ቀን ሾርባ ያሰሩኝ እነሱ ናቸው፣ እሱ ለካ ሬሳ ቤት ነበር። ፈሪድ «ወላሂ ፊቤ፣ በህይወት አለ» ይለኛል፣ ያኔም ጋሽ ሀቢሶ በጌታ ስም ምለውልኝ ነበር። «እግር አይናገርም፣ ድምፁን አሰሙኝ» አልኳቸው።

ስምንት ሰዓት ላይ ደወልክ። እና ሳቅክ!

«ፊቤ፣ አርባ አንድ ጊዜ? ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«አለሁ በል» አልኩህ።

«እያወራሁሽ አይደል እንዴ?»

«አለሁ በል አንተ!» ብዬ ጮህኩብህ፣ «አለሁ» አልክ። እኔ መመለስ አቃተኝ። ያኔ ደግሞ ወንበሩ በመኪና ደረሰ፣ ጋሽ ሀቢሶ አፍረው «እንግዲህ አንዴ መጥቷል፣ ቁጭ በሉና ምሳ እንብላበት» አሉ፣ በለቅሶህ ወንበር ምሳ ተበላ።

ምክንያትህን ስትነግረኝ ባሰብኝ። «ሆን ብዬ ነው ድምፁን ያጠፋሁት፣ አንድ ቀን ማንም ሳይጠራኝ ብቻዬን መዋል አማረኝ፣ ባህር አይቼ አላውቅም፣ በባቡር ደግሞ አንድ ሰዓት ነው» አልክ። አማረኝ! እኛ ቤት ለብቻው የሚውለው የታመመ ነው፣ ጤነኛ ሰው ለብቻው ምን ያደርጋል? አብሮህ የሚማር ሰው የለም? ብትሰምጥ ጫማህን ማን ያነሳዋል? «ልሄድ ነው» ማለት ሁለት ቃል ነው፣ ሁለት ቃል! ብነግርሽ ትከለክይኛለሽ አልክ። አዎ እከለክልህ ነበር! እውነትህን ነው። እውነትህን መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ከቅዳሜ ወዲህ ግን አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ባቡር ገባህ፣ ወረድክ፣ መንገድ ጠየቅክ፣ ምግብ ገዝተህ በላህ፣ ጫማህን አወለቅክ፣ ጀርባህን ለሰው ሰጥተህ ቆምክ። ቀኑን ሙሉ። ማንም ምንም አላለህም? ከኋላዬ ማነው የመጣው ብለህ አልዞርክም? እሱ እንዴት ነው? ጻፍልኝ። ውሃውስ ይቀዘቅዛል?

ስለኔ አታስብ። እዚህ ሰላም ነው። አቢሶ ፍርግርጉ ላይ ሌላ ብረት አስበየደበት፣ ቀዳዳዋ ጠባ ዳቦውን አጋድሜ ነው የማሳልፈው፣ ግን ሰላም ነው። እማዬ ምንም አልሰማችም፣ ፎቶውንም አስጠፍተናል፣ አንተም ዝም በል። ለብቻዬ ታክሲ መግባቴንም እንዳትነግራት። እኔንም እኮ ማንም ምንም አላለኝም ሲሞን። ጎጎዋ ስወርድ «ሃምባ ካህሌ» አለችኝ፣ በሰላም ሂጂ ማለት ነው። መሀረቧን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ፣ የት አግኝቼ እንደምሰጣት እንጃ፣ አንድ ቀን በዚያው ታክሲ ልፈልጋት ይሆናል።

እንግዲህ እንዴት ነህ? ከስተሃል፣ እግርህን አይቼ ነው ያወቅኩት። በሶ በፈሪድ ልኬልሃለሁ፣ ብቻህን ብላው፣ ብቻ መሆን የሚያምርህ ከሆነ። ወደፊት መሄድ ካማረህም ሂድ። ጠዋት «ልሄድ ነው» በለኝ፣ «ጌታ ካንተ ጋር ይሁን» ከሚለው ሌላ ከአፌ አይወጣም፣ ምላሴን ነክሼም ቢሆን። ቀትር ላይ ግን ባህር ውስጥም ብትሆን ታነሳለህ!

ከውሃም ከእሳትም ያውጣህ። ያየህ ሁሉ እንደ ልጁ ይይህ። ጀርባህን የሰጠኸው ሰው ሁሉ ጠባቂህ ይሁን።

ቅዳሜ ሳልመልስልህ ስለዘጋሁት ነው፣

አለሁ።

እህትህ ፊቤ