ባለ ሦስት እጅጌው ሸሚዝ

ለውድ እትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን።

አባባም ከልብስ ስፌት ቤታቸው አልቀሩም። ባለፈው ወር ባለ ሦስት እጅጌ ሸሚዝ ሰፍተው፣ አሳምረው ተኩሰው ለደንበኛ ሲያስረክቡ በስልኬ ቀረጽኳቸውና ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። አገር ምድሩ ሳቀ። እኔ ሞኙም ላይክ ስቆጥር ሰነበትኩ። አንቺም ዝም ያልሽኝ አይተሽው ይሆን?

አሁን የማናውቃቸው ወጣቶች እየመጡ አብረዋቸው ፎቶ ይነሳሉ። አባባ ደንበኛ እየመሰሏቸው ሜትራቸውን አንስተው ይለኳቸዋል። «አየህ፣ ዛሬም ሰው ይፈልገኛል» ሲሉኝ መግቢያ ቀዳዳ አጣለሁ። ከገጼ ላይ አጥፍቼዋለሁ፤ ከሰው ስልክ ላይ ግን በምን እጄ ላጥፋው?

ትናንት ሱቁን ልዘጋላቸው ብሄድ እኔንም ለኩኝ። ትከሻዬን፣ ደረቴን፣ ክንዴን ደብተራቸው ላይ አሰፈሩና «በማን ስም ልጻፈው?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው ግን እስክሪብቶውን እንደያዙ በትህትና ጠበቁኝ።

ስሜን ነገርኳቸው፤ ጻፉት።

እባክሽ እትዬ፣ ሥራ ፈቅዶልሽ ቶሎ ብትመጪ ደስ ይለናል። ስትገቢ ግን ከበሩ ላይ ስምሽን ጠርተሽ ግቢ።

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥልኝ።

አንገቱን የደፋው ወንድምሽ