ቀዳዳ ያልተፈቀደለት ቱቦ

ለተከበሩ የአምቡላንሳችን ባለቤት መሥሪያ ቤት ኃላፊ
ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ እርስዎና ቤተሰብዎ ይህን ክረምት በደረቅ ወለል ላይ በሰላም እንድትከርሙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከፈለ፣ በሠፈራ መጥቼ አቦቦ ላይ በግብርና ያረጀሁ፣ ፊደልንም ሞተርንም ያለ አስተማሪ የለየሁ ሽማግሌ፣ ፊቴን የማዞርበት አጣሁ እንጂ ጤናዬስ ደህና ነው። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አምቡላንሱ ጥልቅ ውሃ እንዲሻገር ብለው ከኮፈኑ ጎን እስከ ጣሪያው ሽቅብ የሚወጣ የአየር መሳቢያ ቱቦ ስላስገጠሙለት አመሰግናለሁ። ሞተሩ ከውሃው በላይ እንዲተነፍስ የጎኑ ላሜራ ተበስቶ ቱቦው ከአየር ማጣሪያው ጋር መገናኘት ነበረበት። በኋላ እንደሰማነው ግን የንብረት ክፍልዎ አዲስ የመንግሥት መኪና መብሳት ንብረት ማበላሸት ነው ብሎ ስለወሰነ፣ ቱቦው ከውጭ በማጣበቂያ ተለጥፎ ቀርቷል። ላሜራው እስከ ዛሬ አንድም ቀዳዳ የለበትም፤ እንኳን ደስ አለዎት።

ሁለተኛ፣ ሾፌሩ ረድዋን ውሃው በራዲያተሩ በኩል እንዳይገባ ፊት ለፊቱን የሚሸፍንበት ሸራ ሲጠይቅ፣ አምቡላንስ የሚለውን ጽሑፍ ይጋርዳል ተብሎ መከልከሉ የሚደነቅ ነው።

ሦስተኛ፣ በርክክቡ ዕለት ኮፈኑ ይከፈትልኝና ልየው ብዬ ስለምን፣ ሪባን ስለታሰረበት ከምረቃው በኋላ ይሁን ብለው የመለሱልኝ ትሕትና አይረሳኝም። ከምረቃው በኋላ ምሳ ነበር። በሰፈሬ ግትር የምባለው ሰውዬ ለአንዲት ሪባን ተረታሁ። ይባስ ብዬ መንገዳችንን የሚያቋርጠውን ወንዝ ተሻግሬ ማዶ ለምትኖረው ለወይዘሮ ሬቤካ፣ ልጅሽ ምጥ ሲይዛት እንዳትሰጊ፣ መኪናችን ውሃ አይፈራም ስል ቃሌን ሰጠሁ።

ባለፈው ወር ልጇን ኛሩዋይን ምጥ ያዛት። ቃሌ ነውና ከረድዋን ጋር እኔም ሄድኩ። ስንሄድ ውሃው ከጎማ አላለፈም ነበር፤ ኛሩዋይን አሳፍረን ስንመለስ ሞልቶ ጠበቀን። ሁለታችንም ቱቦውን አምነን ገባን። መሃል ላይ ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ ዝም አለ። ከመኪናው ሁሉ ሳይረጥብ ቀጥ ብሎ የቆመው የእርስዎ ቱቦ ብቻ ነበር።

አጎቷ ጋትደትና ጎረቤቶቹ ደረታቸው በሚደርስ ውሃ ውስጥ ኛሩዋይን በትከሻቸው ተሸክመው አሻገሯት። ልጁ በወንዙ ዳር፣ ዝናብ እየመታው ተወለደ፤ ደግነቱ እናትም ልጅም ተርፈዋል። በኋላ መኪናውን በገመድ ጎትተው አውጥተውልን ኮፈኑ ሲከፈት፣ ጋትደት ቱቦውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ «አባባ ከፈለ፣ ይሄ ለማን ነው የሚተነፍሰው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ክቡር ሆይ፣ አምቡላንሱ ተጠግኖና ታጥቦ ወደዚያው መንገድ ሊመለስ መሆኑን፣ ቀዳዳው ግን አሁንም እንዳልተፈቀደ ሰምቻለሁ። ማዶ ቀናቸው የተቃረበ እናቶች አሉ። ስለዚህ ላሜራው ይበሳ። ኃላፊነቱ የሚያስፈራ ከሆነ በእኔ ስም ይሁን፤ ከዚህ በላይ የማፍርበት ነገር አልቀረኝም።

ለሪባንዎ ክብር አንገቱን የደፋው፣ ላሜራው እስኪበሳም ቀና የማይለው ታዛዥዎ፣
ከፈለ፣ ከአቦቦ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወይዘሮ ሬቤካ «መኪና ይዘውልን ስለመጡ» ብላ የደረቀ ዓሣ በምስጋና ላከችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ጉርሻ እንኳ አልወርድ ስላለኝ ዓሣውን ለእርስዎ ልኬዋለሁ። የእርስዎ ጉሮሮ እንደ ቱቦው የተደፈነ እንዳልሆነ በምረቃው ምሳ ላይ አይቻለሁ።