የጀይሉ መኪና ቀይ ወንበር

ከሚሴ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1973 ዓ.ም.

ከጨፋ ረግረግ ማዶ ለምትገኘው ለሰሊማዬ፤

አሰላሙ ዐለይኪ። ጾሙ እንዴት ይዞሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጣሪያው ብቻ ያፈሳል፤ እሱም ከአልጋው በአንቺ ጎን ስለሆነ ለጊዜው የሚያስቸግረው ሰው የለም።

ባለፈው ደብዳቤሽ ስለ እኔ ጤና አንድ መስመር ጠይቀሽ፣ የቀረውን ገጽ «ለመሆኑ ጀይሉ መኪናውን ከምን አደረሰው?» በሚል ሞልተሽዋል። ባል ሚስቱ የጠየቀችውን መመለስ አለበትና እነሆ።

በያጁ ጀይሉ ከእኔ በፊት አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልኮ እንደነበር ለአንቺ ማስታወስ አያስፈልግም። እኔም አላስታወስኩሽም። መኪናውን የሚሠራው የክሊኒካችሁ መድኃኒት በክረምት ጭቃ እንዳይቀር ነው ተብሎ ቀበሌው አጽድቆለታል። በስብሰባው እኔም እጄን አውጥቻለሁ፤ ሁሉም ሲያወጣ ምን ላድርግ?

ሻንሲውን ከውኃ ቧንቧና ከአንግል ብረት በየደው። ጎማዎቹን ከአሮጌ ትራክተር ነቀለ። በር የለው፣ ጣሪያ የለው፤ ከሩቅ ሲያዩት የብረት አልጋ ይመስላል። ይህን ስጽፍ እኔንም ደስ አላለኝም። መጀመሪያ የገጠመለት የውኃ ፓምፕ ሞተር ከራሱ በቀር የሚጎትተው ስላልነበረ፣ ሰንበቴ ከተማ መንገድ ዳር ተጥሎ የከረመውን ቮልስ አፈረሰና ሞተሩን ከነካምቢዮው አመጣው። ከዚያው ቮልስ አንድ ወንበርም አብሮ መጣ። ቀይ ቆዳ ነው፣ ስፖንጁም አልሟሸሸም። ለራሱ ሳንቃ አንጥፎ ወንበሩን ከጎኑ ገጠመው።

«ይሄ ለማን ነው?» አልኩት።

«ለመድኃኒቱ» አለ፣ ቀና ሳይል።

«መድኃኒት ስፖንጅ ላይ ይቀመጣል?»

«ጠርሙስ ይሰበራል እኮ፣ መምህር!»

ለጠርሙስ ይህን ያህል የሚያስብ ሰው አይቼ አላውቅም።

ያለፈው ጁምዓ ከስግደት በኋላ ሙከራ ሆነ። አገሩ ሁሉ ወጣ። አዲስ ነገር ያለ ዱዓ አይነቃነቅምና ሸህ አብደላ ሽማግሌዎቹን አስከትለው መጡ። ከፊት መቆም አደገኛ ነው ተብሎ ሁሉም ከኋላ ተደረደሩ። ዱዓው አልቆ «አሚን» ሲባል ጀይሉ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፤ መኪናው አሚን ወዳሉት ሰዎች ሄደ።

ሸህ አብደላ በዚያ ዕድሜያቸው የድንጋይ አጥር ላይ ሲወጡ አየሁ። «አንተ ጀይሉ!» አሉ ከላይ ሆነው፣ «የመረቅንህን ልትጨርሰን ነው?» ሌላ ማርሽ አስገባ፤ ባሰበት፣ ፈጥኖ ወደ ኋላ ሄደ። ለካ ሞተሩን ከወንበሩ ሥር እንዲገባለት ፊቱን አዙሮ ሲገጥመው አራቱ ማርሽ የኋላ፣ የኋላው ደግሞ የፊት ሆኖ ኖሯል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ወዲያ ወዲህ ካዩ በኋላ «ይህ መኪና አቋሙ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ማንም አልሳቀም። ይህቺን አንብበሽ ቅደጂያት።

ያን ማታ ጾም ስፈታ ፍጡሩ እንዴት እንደጣመኝ! ሳምቡሳው እንኳ ያረረ ነበር።

ደስታዬ ግን እስከ ማግስቱ ነው የቆየው። ጀይሉ ካምቢዮውን አልነካም። መሪውንና መቀመጫዎቹን ነቅሎ፣ ፊታቸውን አዙሮ መልሶ በየዳቸው። የነበረው ኋላ ፊት ሆነ። አሁን እንደ ጀልባ በኋላው እየታጠፈ፣ በአራት ማርሽ ወደፊት ይሄዳል። ቀዩ ወንበርም ዞሮ አሁንም ከጎኑ ነው።

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። «ጠርሙስ እንዳትለኝ፤ ለማን ነው?»

«ለሰሊማ ነዋ» አለ፣ ስሙን እንደጠየቁት ሰው። «በቅሎዋ ከጣለቻት ወዲህ በቅሎ አልወጣም ብላለች። በዚህ ጭቃ በእግሯ አትመጣ። ዒድን እዚያው ልትውል ነው?»

ወንበሩንና እሱን በየተራ አየሁ።

«ዲሲ፣ ተው እንግዲህ መምህር! የሰው ሚስት ብቻዬን ጭኜ ልመጣ? ሸህ አብደላ በዚያው አጥር ላይ ወጥተው ነው የሚረግሙኝ። አንተም ትሄዳለህ፤ የመድኃኒቱ ሣጥን ላይ ትቀመጣለህ።»

የሰለሞን ፍርድ ነው፤ ግን ባልየው ሣጥን ላይ ሲቀመጥ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ቢሆንም ተስማማሁ፤ ሣጥኑ ከፊት ጥግ ላይ እንዲበየድና ፊቴ ወደ እናንተ እንዲሆን ብቻ ጠየቅሁ።

«መንገዱን አታየውም እኮ!» አለኝ።

«መንገዱን አንተ ታየዋለህ» አልኩት።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ቃሲም ነው፤ ነገ በእግሩ የረግረጉን ዳር ይዞ ይነሣል። እኛ ከዒድ በፊት ረቡዕ እንመጣለን፣ ኢንሻአላህ። ሌላ አንድ ዓመት እዚያው ክሊኒክ እንድትሠሪ እንደጠየቁሽ ከሰው ሰምቻለሁ። ምን ብለሽ እንደመለስሽላቸው አልጻፍሽልኝም፤ እኔም አልጠይቅሽም። ዕቃሽን ሸክፈሽ ከጠበቅሽን ይገባኛል። ካልሸከፍሽ ደግሞ መድኃኒቱን አራግፈን እንመለሳለን፤ ሁለት ወንዶች ፊት ለፊት ተፋጠን፣ መሃላችን ቀይ ወንበር ባዶውን። ያን ዕለት እሱ መንገዱን ያያል፤ እኔ ምን እንደማይ አላውቅም።

ጣሪያውን በአንቺ ጎን ዛሬ ደፍኜዋለሁ።

አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ። ጭቃውን ያቅልልን። እናትሽ በኦሮምኛ የምትልሽን እኔም ልበልሽ፤ ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግቢ።

የአንቺው
ሙሐመድዘይን

ቀዩን ወንበር ዛሬ ተቀምጬ ሞከርኩት። ይመቻል፣ የተረገመ!