እናትህ የዓሣውን ፎቶ በዓይኗ አየችው

ይመርዬ፣ ሆዴ፣

አላህ ይዘንልህ። እዚሁ ሪያድ አፈር ካለበስንህ አምስተኛው ወር ገባ። እናትህ ግን ይህን ሁሉ ወር ለጤናህ ዱዓ ስታደርግ፣ እኔም "ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው" እያልኩ አሚን ስል ከረምን።

አትቆጣኝ፣ ወላሂ ውሳኔው የኔ አልነበረም። ከምትሠራበት ሕንፃ ላይ የወደቅክ ዕለት ለወንድምህ ለሁሴን ስደውልለት፣ እናትህ እማ ፋጡማ የዓይኗን ሞራ ለማስገፈፍ ደሴ ቀጠሮ ይዛ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተማከሩና ዓይኗ ተሠርቶ እስኪድን መርዶው ይቆይ አሉ፤ ብታለቅስ ይጎዳታል ብለው ሰጉ። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ ማለዳ ቤቷ ገብቶ፣ ግራ ቀኝ ይዟት ነው የሚነግራት። እኔ ምን ልበል? እሺ አልኩ። የሐኪሙ ቀጠሮ ግን ዛሬ ነገ እየተባለ ሲገፋ ከረመ።

እሷን ታውቃታለህ፣ ዝም ብላ አትቀመጥም። "ድምፁን አሰሚኝ፤ እሱም ካልሆነ መልኩን ላኪልኝ" አለችኝ። ጨነቀኝ። ያኔ ነው የዓሣ ማሳያው፣ የአኳሪየሙ ቀን ትዝ ያለኝ። ከዚያ ቀን ሌላ መች ፎቶ ትነሳልኝ ነበር?

ታስታውሳለህ፣ የምሠራላት መዳም ከነልጆቿ ጂዳ ሄዳ እኔ አንድ ቀን አረፍኩ። "ያላ፣ ዛሬስ እንደ ሰው እንዝናና" ብዬ ጎትቼ ወሰድኩህ። ለዒድ የገዛሃትን ብጫ ሸሚዝ ለብሰሃል። የመኖሪያ ፈቃድ የሚያወጣልህ ዋስ አሠሪ፣ ከፊል የለህ፣ ኢቃማ የለህ፤ ከሰፈርህ ከመንሱራ ወጥተህ እዚያ የሚያብረቀርቅ የገበያ ሕንፃ ውስጥ መግባት ለአንተ ድንበር ከማቋረጥ ይብስ ነበር። በሩ ላይ ጥበቃውን ስታይ እጄን ጨምቀህ ልትሰብረኝ! እሱ ግን ዞር ብሎም አላየን። ውስጥ ገብተንም ዓሣው በዓይነት በዓይነቱ ሲዋኝ፣ አንተ የምትፈልገው መውጫውን ነው። ፎቶ ሳነሳህ እንኳ ዓይንህ በር በሩን ነው። በመጨረሻ ተናደድኩ። "ቆይ፣ ዓሣ ልታይ ነው የመጣኸው ወይስ ዘበኛ ልትጠብቅ?" አልኩህ።

መስታወቱ ከራስ በላይ በሚያልፍበት መተላለፊያ ስንደርስ ግን ያ ትልቅ ሻርክ በላያችን መጣ። ቀና ብለህ ቀረህ። አፍህን ከፍተህ፣ እኔንም ረስተኸኝ። ብዙ ቆይተህ ጆሮዬ ስር "ለዚህ ሁሉ ፍጥረት ኢቃማ ያወጣለት ከፊል ማነው?" አልክ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ጥበቃውም ወደኛ መጣ። ያረቢ! ፊትህ አመድ መሰለ። ሰውየው ግን ስልኬን ተቀብሎ ጠጋ በሉ አለንና ፎቶ አነሳን። ሁለታችን አብረን ያለንበት እሱ ብቻ ነው። እኔ እስቃለሁ፣ አንተ ሊወስዱህ እንደመጡ ሰው ቀጥ ብለሃል።

እና የዚያን ቀን ፎቶዎች አንድ በአንድ፣ እንደ አዲስ አድርጌ ላክሁላት። ዓይኗ ስለማያይ የጎረቤት ልጅ እያየች ትነግራታለች። "ደህና ነው፣ ውሃ ዳር ቆሟል" ስትላት፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ከፀሐይ ወጣ፣ ቀዝቃዛ ሥራ አገኘ" ብላ እኔን ትመርቀኛለች። እኔ ማድቤት ገብቼ አለቅሳለሁ፣ መዳም ሽንኩርቱ ነው ብላ ታልፋለች። የባል ሐዘኔን፣ ዒዳዬን እንኳ በወጉ ሳልቀመጥ የሰው ልጅ ሳጥብ አለፈ። ክፍልህ ውስጥ ሁለት የከሚሴ ልጆች ገብተዋል። የሥራ ጫማህን ለአንዱ ሰጠሁት፤ ሲሄድበት እንዳላይ ግን ጁምዓ ጁምዓ ወደዚያ መሄድ ትቻለሁ።

ዓይኗ ተሠርቶ ዳነ። ጎንበስ አትበይ ተብላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትሰግድ ቆየች፤ አሁን መርፌ ላይ ክር ታስገባለች አሉኝ። ሁሴን ደውሎ ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ማለዳ እንደሚሄዱ ነገረኝና፣ እስከዚያ እንዳትጠረጥር አንድ ፎቶ ላኪላት አለኝ። ከየት ላምጣ? የቀረኝ ጥበቃው ያነሳን ነው፤ ያንን ፊትህን ደግሞ እናት አይታ አታልፈውም።

ትናንት እሷው ቀደመችኝ፣ ድምፅ ላከችልኝ። ልብስ ማጠቢያው ጋ ቆሜ ሰማሁት።

"ዘሃራ ልጄ፣ ፎቶዎቹን በዓይኔ አየኋቸው። ልጄ ይሄን ሁሉ ወር አንድ ሸሚዝ አይለብስም። ሁሴንም ሲገባ ሲወጣ ፊቴን አያየኝም። ገብቶኛል። ቅዳሜ ሲመጡ ገና እንደሰማ ሰው ሆኜ አለቅስላቸዋለሁ፤ ለኔ ብለው የተጨነቁትን አላሳፍራቸውም። አንቺ ግን እዚያ ብቻሽን ከረምሽ። እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ያን ቀን ልጄ ደስ ብሎት ነበር?"

ምን ልበላት፣ ይመርዬ? ቀኑን ሙሉ ስትሰጋ ነው የዋልከው። ውሸት ደግሞ ኸላስ፣ በቃኝ። ፈርቶ ነበር አልኳት። ግን መሀል ላይ ፍርሃቱን ረስቶት ነበር፣ እኔንም አስቆኛል አልኳትና ያልከውን ነገርኳት። መልሷ ሲመጣ ሳቅ ነበር፣ ያው ያንተው ሳቅ። ከዚያ ሳቁ ተቆርጦ ለቅሶ ሆነ፤ እኔም እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አብሬያት አለቀስኩ።

ቅዳሜ እነሱ ቤቷ ሲገቡ እኔም እዚህ ድምፄን አውጥቼ አለቅስልሃለሁ፣ መዳም የፈለገችውን ትበል። ከዚያ በኋላ እኔ እዚህ የነበርከውን እነግራታለሁ፣ እሷ ከኔ በፊት የነበርከውን ትነግረኛለች። ሁለታችን በሕይወት እስካለን ስምህ ሳይነሳ አንድም ጁምዓ አያልፍም።

ዘሃራህ