ስንዴው ላይ የሰቀልኩት ሲዲ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ጠዋት የአሠሪዬን የእትዬን ስንዴ አጥቤ ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ አሰጣሁት፣ ወፉ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ወለጋ እያለን ማሽላው ላይ ሲዲ እናንጠለጥል ነበር፣ ሲያብለጨልጭ ወፍ አይጠጋም። እኔም ከባላቸው ከጋሼ መደርደሪያ አንዱን አውጥቼ በሲባጎ ሰቀልኩት። ማንም የማይሰማው አሮጌ መስሎኝ ነው! የደብረ ብርሃን ንፋስ ደግሞ እስከ ስድስት ሰዓት ከድንጋይ ግንቡ ጋር ሲያላትመው አረፈደ። ጠርጌ ቦታው መለስኩት።

ጋሼ ከሚያስተምሩበት ዩኒቨርሲቲ ለምሳ መጡና ያንኑ ሲዲ ከፈቱት። ዘፋኙ መጮህ ጀመረና አንድ ቃል ላይ ሲደርስ ይንተባተብ ጀመር፣ አላልፍ አለ።

"ይሄ እኮ የምወደው የአሜሪካ ሮክ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ነው! ተማሪ ሆኜ ምሳዬን እየዘለልኩ የገዛሁት!" አሉና ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "ሁሌ ጩኸት ነው ስትይ ነበር፣ ይኸው ቧጭረሽ ተገላገልሽ!"

"እኔ ብሆን ለሁለት ሰብሬ ነበር የምሰጥህ" አሉ እትዬ።

ጋሼ ምሳቸውን ሳይነኩ በሩን ጓ አድርገው ዘግተው ወጡ። እኔ ሳህን ይዤ እዛው ቆሜያለሁ። ተናግሬ ቢያባርሩኝ ወዴት እሄዳለሁ? እናቴ ያለችበት የተፈናቃዮች መጠለያ፣ ድንኳን ውስጥ መመለሴ ነው፣ ለሷም የምልክላት አይኖረኝም። የጋሼን ምሳ አንስቼ ኩሽና ገባሁ።

ኋላ እትዬ ኩሽና ገቡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"አይዞሽ የኔ ልጅ፣ የባልና ሚስት ጠብ ነው፣ አንቺን አይመለከትሽም" አሉኝ።

እኔም እሺ አልኳቸው።