ሰባቱ የመብረቅ ፎቶግራፎች

ወላይታ ሶዶ፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

እናታችሁ ካረፉበት ጊዜ ጀምሮ ታናሽ እህትዎን በጀርባዎ አዝለው ያሳደጉ፣ በበዴሳ ገበያ ከእህል ነጋዴው እስከ ከብት ሻጩ ያለው ሁሉ ሲያይዎ ከመቀመጫው የሚነሣልዎ፣ ለእኔም ከአማችነት አልፈው እንደ ወላጅ የሆኑልኝ፣ የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ የተከበሩ እትዬ፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ ይህን ክረምት እንዴት ቻለው? የጓሮዎ እንሰትስ ከበሽታው ተረፈልዎ? እኛ፣ ሳህሊቱም እንደ ተኛች፣ እኔም አጠገቧ እንደ ተቀመጥሁ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና አለን።

ባለፈው ሳምንት በሚኒባሱ ሾፌር እጅ የላኩልኝን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ «ወንድሜ፣ እህቴን ወዲያው ባታነሣት ኖሮ ዛሬ የምጠይቃት በመቃብሯ ነበር፤ እጅህን ይባርከው» ከሚለው ላይ ስደርስ ግን ሦስቱንም ጊዜ መነጽሬን አውልቄ ወረቀቱን አጠፍሁት። ስለዚህ ያን ምሽት ከመነሻው ልጽፍልዎ ተቀመጥሁ።

ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልቤን የወሰደው ነገር በጨለማ ውስጥ ብርሃንን ማጥመድ እንደ ሆነ ያውቃሉ፤ ካሜራዋን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያዋ ላይ አስሬ፣ መዝጊያዋን ከፍቼ፣ ከዳሞታ ተራራ ላይ መብረቅ እስኪወርድ፣ ወይም በጊፋታ በዓል ርችቱ ወጥቶ እስኪበተን ድረስ፣ አንዳንዴም አራት ደቂቃ ሙሉ፣ እንደ ተከፈተች እተዋታለሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚንቀሳቀስ መብራት ሁሉ፣ የሞተር ሳይክልም ሆነ የእጅ ባትሪ፣ በእርሳስ እንደ ተሳለ መስመር በፎቶግራፉ ላይ ይቀራልና፣ እኔና ሳህሊቱ ለቤታችን ሕግ አወጣን፤ እኔ «ተከፍታለች!» ስል እርሷ ባለችበት ቁጢጥ ብላ ባትሪዋን በመዳፏ ትሸፍናለች፤ «ተዘግታለች!» እስክላትም አትነቃነቅም። ካሜራዋን «ባለ ሦስት እግሯ ጣውንቴ» ነበር የምትላት። ባለፈው ጊፋታ ርችት ሲተኮስ ቃሉን ረስቼ እንዲሁ ቁጢጥ እንዳለች ብተዋት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጣውንቴን ዘግተህ እኔን ልቀቀኝ እንጂ! ጉልበቴ እኮ የመንግሥት አይደለም!» ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀችብኝ።

ግንቦት ሃያ ሦስት ቀን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ መብራት ጠፍቶ ከተማው በጨለመበት ጊዜ፣ በሰባ ሁለት ዓመት ዕድሜዬ አይቼ የማላውቀው ዓይነት መብረቅ፣ አንዱ ሳይጠፋ ሌላው እየተተካ፣ ዳሞታ ላይ ይወርድ ጀመር። እኔ ከግቢው ጫፍ ሆኜ «ተከፍታለች!» ብዬ ጮኽሁ። እርሷ ካፊያ ማካፋቱን አይታ፣ ጃንጥላ ይዛልኝ ከማድ ቤቱ በር ትመጣ ኖሯል፤ የባትሪዋ ብርሃን በዐይኔ ጥግ እየተወዛወዘ ሲቀርብ፣ ከዚያም ከአቮካዶው ዛፍ አጠገብ ዝቅ ሲልና ሲጠፋ አየሁ። እትዬ፣ በልቤ አመሰገንኋት። ድካሟን ሁሉ ችላ ሕጋችንን ስለ ጠበቀችልኝ አመሰገንኋት።

በኋላ ሄጄ አነሣኋት። ጃንጥላው እንደ ታጠፈ ነበር፤ ካፊያው ሳይበረታ፣ ቀሚሷ እስከ ውስጡ ርሶ ነበር። ጎረቤታችን ቦልቴ በባጃጁ ወደ ሐኪም ቤት አደረሰን።

ሐኪሙ «ስትሮክ ነው፤ ከወደቀች ምን ያህል ቆየች?» ሲለኝ፣ «ምንም፤ ወዲያው ነው ያነሣኋት» አልሁት። ከዚያ ወዲህ በየቀጠሮው ካርዷን እያገላበጠ፣ «አባባ፣ ጉዳቷ ወዲያው ከተነሣ ሰው ጉዳት ጋር አልገጥም አለኝ፤ እስቲ ደኅና አድርገው ያስታውሱ» ይለኛል። እኔም፣ አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪን ስለ ሐሰት በዱላ የቀጣሁ መምህር፣ ጫማዬን እያየሁ፣ «ወዲያው ነው፣ ዶክተር» እላለሁ። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎኛል።

ለጊፋታ ዐውደ ርእይ ፎቶግራፍ የሚሰበስበው ዘሩባቤል የሚባል ወጣት ደግሞ ባለፈው ሰኞ ቤት መጥቶ፣ የዚያን ምሽት የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ «ጋሼ፣ ይህቺን ከበሩ መጥታ ዛፉ ሥር የምትወርድ የብርሃን ክር እንዴት አድርገው ሠሯት? በትልቁ አሳትመን አደባባይ ነው የምንሰቅላት!» አለኝ። ሳህሊቱ ከአልጋዋ ላይ ታየን ነበር። «እኔ አልሠራኋትም» ብዬ ከእጁ ተቀበልሁት።

ቀኝ ጎኗ እንደ ደረቀ ነው፤ ድምፅ የላትም። ሰማዩ በበረቀ ቁጥር ግን ግራ እጇን ደረቷ ላይ ጨብጣ፣ ዐይኗን እኔ ላይ ትተክላለች። «ተዘግታለች፣ ሳህሊቱ፤ ተዘግታለች እኮ» እላታለሁ። አትፈታውም። ጣቶቿን አንድ በአንድ ልዘረጋላት ሞክሬ አቅቶኝ ትቼዋለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የዚያን ምሽት ሰባት ፎቶግራፎች ልኬልዎታለሁ። ካሜራዋ የመዘገበችውን ሰዓት በየጀርባቸው ጽፌአለሁ፤ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ይላል፤ ሰባተኛው አንድ ሰዓት ከአርባ አንድ። የብርሃን ክሯ ያለችው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። በቀሩት ስድስቱ ላይ መብረቁ ከዛፉ ሥር ያበራውን እርስዎ ይዩት፤ እኔ ወደዚያ ጥግ ማየት አልቻልሁም።

ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ጉልበትዎን ያጽናው፤ በልጅነቷ ያዘሏትን እህትዎን በእግሯ ቆማ ደጅዎ ስትገባ ያሳይዎ። እኔንም እርስዎ እንደ ወደዱ ይፍረዱብኝ።

የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለን፤ አብረውን ገብተው በፎቶግራፎቹ ጀርባ ያለውን ሰዓት ለሐኪሙ ያንብቡልኝ።

የእህትዎ ባል